የተኛ ቅርንጫፍ

ቅዳሜ ጠዋት የወለቴ ምራት ፌቨን የቄስ ሰይፈሥላሴን ግቢ አልፋ ወደ ጓሮ ስትዘልቅ፣ የቄሱ ሚስት ልክነሽ ጎንበስ ብላ እየቆፈረች ነበር። ኮቴ ስትሰማ ቀና አለችና የከፈተችውን ጉድጓድ በእግሯ ቶሎ ቶሎ መለሰችው። ሃያ ዓመት የለመደ እግር ነው፤ ሰው ብቅ ሲል ማንም ሳያዘው አፈር ይመልሳል።

ፌቨን ጉድጓዱን ልብም አላለችው። ፊቷ በለቅሶ አባብጧል።

“እትዬ ልክነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።”

“ግቢና ተቀመጪ፤ ቆመሽ አይሆንም።”

“አልቀመጥም፤ እማማ ወለቴ ሳይነቁብኝ ልመለስ። ነገ ዱቡሻ ላይ ሽማግሌ ፊት አቁመው ይጠይቁኛል። ምን አጠፋሁ ብላቸው ነው የሚበቃቸው?”

ልክነሽ አልገባትም። “ያጠፋሽውን ነዋ።”

“ያጠፋሁት የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የለም፣ የለም አልኩ። የለም ባልኩ ቁጥር ጥፋቴ በዛ እንጂ አልቀነሰልኝም። እርስዎ የቄስ ሚስት ነዎት፤ ሰው ምን ምን ብሎ እንደሚታረቅ ያውቃሉ። ቀለል ያለውን ይንገሩኝና እሱን ብዬ ልገላገል።”

ሰው ከጎረቤት ወንፊት ይዋሳል፣ መጥረቢያ ይዋሳል። ፌቨን ኃጢአት ልትዋስ ነው የመጣችው። ልክነሽ መናገር የነበረባት ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

“አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል” አለቻት።

ምንም ላለማድረግ ሲፈለግ የምትወጣ ቃል ናት። ፌቨንም ሳይገባት አልቀረም፤ አመስግና ወጣች።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥር ነው። ከገረሴ ከተማ በላይ ያለው ይህ የጋሞ ደጋ ድሮ የሚያውቀው ገብስና እንሰት ነበር። አፕል ከመጣ ወዲህ ግን የአፕል ችግኝ ያለው ሰው ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ልጁም ከተማ ተማሪ ነው። ጥሩ ችግኝ ደግሞ ከዘር አይገኝም። የዱሩን ሥር ተክሎ፣ ከጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ሁለቱን በምላጭ አስተካክሎ ማጋጠምና በላስቲክ ማሰር ነው፤ ማዳቀል ይሉታል። እስከዚህ ድረስ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ማወቁ ግን ለማንም አልጠቀመም። የሌላው ሁሉ ሲደርቅ የቄስ ሰይፈሥላሴ ብቻ ይይዝ ነበር። ቄሱ ዳዊት ደግመው ጠበል ስለሚረጩበት ነው ተባለ። እጃቸው የተባረከ ነው ተባለ። ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ እየመጡ የሚጭኑት ነጋዴዎችም እዚያው ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ ላይ “የቄሱ ችግኝ” ብለው ነው የሚሸጡት።

ወለቴ ባሏ የሞተባት ቆፍጣና ሴት ናት። ዘላለም ከምገዛ በራሴ ጓሮ ላዳቅል ብላ ተነሣች። ቅርንጫፉን ከልክነሽ ወሰደች፤ ቄስ ሰይፈሥላሴ የንስሐ አባቷ ናቸውና ለምና ቤቷ አመጣቻቸው፤ ባረኩላት። አርባ ሥር ተዳቀለ። ልጇ ዳና ፌቨንን ከሲቀላ አግብቶ ያመጣትም በዚያው ሳምንት ነው። በስምንተኛው ቀን አርባውም ቅጠል አወጣ። ወለቴ እልል አለች፣ ምራቴ እግረ እርጥብ ናት ብላ ለመንደሩ አወራች። በአሥራ አምስተኛው ቀን አርባውም ጠቆረ።

ወለቴ ወደ ንስሐ አባቷ ሮጠች። ቄሱ ያን ቀን ቀብር ነበረባቸው፤ ቸኩለዋል። “በቤታችሁ የተደበቀ ነገር ካለ ንስሐ ግቡ” ብለዋት ሄዱ። ከዚያ ላሟ ስትወልድ ከነጥጃዋ ሞተች። ከዚያ የዳና ሞተር ሳይክል ገደል ገባ፤ እሱ ለጥቂት ተረፈ። ይሄኔ ወለቴ ቃሉን አወጣችው፤ ጎሜ ነው አለች። ማንም ሳያይ የተሠራ ጥፋት ቤቱን ሲበላ የጋሞ ሰው ጎሜ ይለዋል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ጥፋተኛው ዱቡሻ ወርዶ፣ ሣሩ ላይ ሽማግሌ ፊት ቆሞ መናገር አለበት። ካልተናገረ ከቤት ይወጣል። በወለቴ ቤት ደግሞ አዲስ የገባ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

አርባው ለምን እንደሞተ የምታውቀው ልክነሽ ናት።

ልክነሽ የዶርዜ ልጅ ናት፤ የሸማኔ ልጅ። አባቷ ሴት እንዝርት እንጂ መወርወሪያ አትነካም እያለ ከሽመናው ጉድጓድ ሲያባርራት፣ ድሩ እንዴት እንደሚደወር በር ላይ ተቀምጣ ፈትል እየፈተለች በዓይኗ ጨረሰችው። ማንም ሳያስተምራት መማር የለመደች ሴት ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ያኔ ዲያቆን ለነበረው ለሰይፈሥላሴ ተዳረች፤ የሱ አባት ከሰሜን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። አፕሉን መጀመሪያ ሲተክሉ የነሱም እንደ ሰው ሁሉ ይደርቅ ነበር።

አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ልክነሽ ቅርንጫፍ ቆርጣ ሳታዳቅለው ልጇ ማህደር ታመመችባት። ሕፃኗን አዝላ ወደ አርባ ምንጭ ስትሮጥ፣ ቅርንጫፉ እንዳይደርቅባት ብላ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከእንሰቱ ጥላ ሥር አፈር አለበሰችው። ሕፃኗ ሆስፒታል አምስት ሳምንት ተኛች። ልክነሽ ተመልሳ ስትቆፍረው ቅርንጫፉ እንደተቆረጠ ነው፤ እምቡጡ ግጥም እንዳለ። ውጭ ያለው ዛፍ ግን ጥር ገብቶ እምቡጡ ማበጥ ጀምሯል። በግትርነት ብቻ አዳቀለችው። አንድም ሳይቀር ያዘ።

ለምን እንደያዘ ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጀባት፤ ሲገባት ግን ሥራው ቀላል ሆኖ ሳቋ መጣ። በጥር የሚቆረጥ ቅርንጫፍ ነቅቷል። ሥሩ ሳይቀበለው፣ በውስጡ ባለችው ውሃ ብቻ ተቻኩሎ ቅጠል ያወጣል፤ ውሃው ሲያልቅበት ይጠቁራል። ተኝቶ የተቆረጠና ተኝቶ የቆየ ቅርንጫፍ ግን ሥሩ እስኪነቃ ይጠብቃል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለባሏ ስትነግራቸው ቄሱ ደስታቸው ወሰን አጣ። “እግዚአብሔር ለቤታችን የሰጠን ነው” አሉና መስቀላቸውን አወጡ። ከልጆቻቸው ከማህደርና ከወንድሟ በቀር ለማንም እንዳትናገር መስቀሉን ጨብጣ ማለች። ጠበሉን የሚረጩት ሰው ለማታለል ብለው አልነበረም፤ እሳቸው ዘርም ይባርካሉ፣ ጎተራም ይባርካሉ። የተባረከ እጅ የሚለውን ያመጣው ሕዝቡ ነው። አንድ ቀን “አይደለም” ቢሉ ያበቃ ነበር። አላሉም። እሷም አላለች።

ወለቴ ቅርንጫፍ ልትለምን የመጣች ዕለት ልክነሽ ከቆመችበት መሬት ሥር ስድሳ የተኛ ቅርንጫፍ ነበር። ቢላዋ ይዛ ወደ ዛፉ ሄደችና የነቃውን ቆርጣ ሰጠቻት፤ ፈገግ ብላ፣ መርቃ። ይደርቅባትና ተመልሳ ትገዛለች አለች በሆዷ። ያኔ ክፋት አልመሰላትም። የቤቷን ጥቅም መጠበቅ መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ሰው ፊት “እርስዎ” የምትላቸውን ባሏን ቤት ውስጥ “አንተ” ነው የምትላቸው።

“ነገ ዱቡሻ ላይ ልናገር ነው” አለች፣ ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ።

“ምኑን?”

“ቅርንጫፉን።”

ቄሱ ቀስ ብለው ተቀመጡ። “መስቀል ጨብጠሻል።”

“አዎ፣ ጨብጫለሁ።”

“እሱስ ይሁን፣ በኔም በአንቺም ይለፍ። ሕዝቡስ? ጠበሉ ማታለያ ኖሯል ካሉ ነገ ልጃቸውን ሳጠምቅ ምን ብለው ነው የሚያቅፉልኝ? ለልጅቷ አንድ በግ ነው ልክነሽ። በግ ይታረዳል፣ ይታረቃሉ፣ ነገሩ ይሞታል።”

“ያላጠፋ ሰው ከምኑ ነው የሚታረቀው? ዛሬ ጠዋት መጥታ ምን ኃጢአት ልበል አለችኝ። ሰማህ? ኃጢአት ምረጪልኝ አለችኝ።”

ቄሱ ጋቢያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ማጠፍ ጀመሩ።

“ወለቴን የተደበቀ ነገር ካለ ያልካት አንተ ነህ” አለች። “የተደበቀው እኛ ጓሮ ነው።”

“ነገ አፍሽን ከከፈትሽ ልክነሽ፣ በዚህ ቤት...” ብለው ጀመሩና አቆሙ። የሚጨርሱት ነገርም አልነበራቸውም። ቄስ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ አግብቶ በክህነቱ አይቀጥልም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ያልተጨረሰው ቃል ግን ቤቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልክነሽ ራት አቅርባ ማንም ሳይነካው አነሣችው። ባሏን ትወዳቸዋለች፤ ሠላሳ ዓመት ክፉ አልተናገሯትም። የፈራችው ቁጣቸውን አይደለም፤ ከነገ ወዲያ ዓይኗን ሳያዩ ከጎኗ የሚኖሩትን ሰው ነው።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደ ዱቡሻው ወረደ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለ ሣር ሜዳ ነው። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ዳር ቆሙ፣ ቄሱ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ አበጋዝ እርጥብ ሣር ይዘው ተነሡና መረቁ፤ ሀገር ሰላም ይሁን፣ ከብቱ ይርባ፣ ገብሱ ያፍራ። ሁሉም አሜን አለ።

ልክነሽ ነጠላዋ ውስጥ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ቆማለች። ለመናገር ቆርጣ ነው የመጣችው። ምርቃቱ ይለቅ አለች በሆዷ። ምርቃቱ ሲያልቅ አቶ አበጋዝ ነገሩን ይክፈቱት አለች። እሳቸው ሲከፍቱት ደግሞ ባሏ ቀና ብለው አዩዋት፤ እሳቸው ዓይናቸውን ይመልሱ አለች።

“ልጄ” አሉ አቶ አበጋዝ ለፌቨን፣ “በሆድሽ የያዝሽው ካለ እዚህ ሣር ላይ ጣይው። ማንም ክፉ አያደርግሽም።”

ፌቨን እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች። “ዳናን ከማግባቴ በፊት ሲቀላ ሌላ ሰው ነበረኝ” አለች። “ለሱም ለእማማም ደብቄያለሁ።”

የሰዉ ሁሉ ትንፋሽ ባንድ ጊዜ ወጣ። ተገኘ፣ አለቀ። ወለቴ ዓይኗን ጨፍና “ተመስገን” ስትል ተሰማች። ዳና ግን ፊቱን አዞረ። ሚስቱን ደግሞ ሊያያት አልፈለገም።

ልክነሽ መቼ እንደተራመደች አላወቀችም። ወንዶቹ መካከል ራሷን አገኘችው።

“ውሸት ነው” አለች።

አቶ አበጋዝ ደነገጡ። “ልክነሽ፣ ተራሽ አይደለም እኮ።”

“ተራዬ የዛሬ ሁለት ዓመት ነበር አቶ አበጋዝ። አሳለፍኩት።”

ጥቅሉን ሣሩ ላይ ፈታችው። ከእንሰቱ ቅጠል ውስጥ እምቡጣቸው የተዘጋ ደርዘን ቅርንጫፎች ወጡ። አጠገባቸው ጠዋት ከዛፍ የቆረጠችውን፣ እምቡጡ ያበጠውን አንድ አስቀመጠች። የትኛው እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚሞት፣ ለምን እንደሆነ ተናገረች። ለወለቴ የትኛውን እንደሰጠቻት ተናገረች፤ እያወቀች መሆኑንም።

ማንም አላመናትም። ዳር ከቆሙት ሴቶች አንዷ “የቄስ ሚስት አይደለች፣ አንጀቷ አልችል ብሎ የልጅቷን ኃጢአት ልትሸከምላት ነው” አለች፤ ሌሎቹም እህ አሉ። ደግነቷን አደነቁ። ልክነሽ እዚያው ላይ ልትጮህ ደረሰች፤ ክፋቷን ስትናገር የሚመርቋትን ሰዎች ምን ታድርጋቸው?

“እሺ” አለች። “የወለቴ በስምንተኛው ቀን ለመለመ፣ በአሥራ አምስተኛው ጠቆረ። ጎሜ ከሆነ በወለቴ ቤት ብቻ መሆን አለበት። በጓሮው ሸሽጎ አዳቅሎ፣ በስምንተኛው ቀን ደስ ብሎት በአሥራ አምስተኛው ያዘነ ሌላ ሰው እዚህ ከሌለ፣ እኔ ውሸታም ነኝ፤ ልጅቷንም እንዳላችሁ አድርጓት።”

አንዱ ሣር ይነጫል፣ አንዱ ጫማውን ያያል። ልክነሽ የሰዎቹን ፊት በየተራ አየች፤ ማንም አይነሣም። ባሏን አየች፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። አሁን አንድ ሰው ካልተነሣ ማንም አይነሣም ብላ አሰበች።

“የኔ ሃያ ስምንት ነበር።”

አቶ አበጋዝ ናቸው። የያዙትን ሣር መሬት ላይ አኖሩት። “የዛሬ አራት ዓመት። ከሟች ወንድሜ ጋር ሳንታረቅ ስለቀረን ነው ብዬ በግ አርጄ ዝም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።”

ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ፤ አሥራ ሁለት አለ። ሌላው ደግሞ ስንት እንደሆነ ሳይናገር፣ ሚስቴን ሦስት ወር አላናገርኳትም አለ፤ ሚስቱ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው ያሰቡትን መሬት በዚህ ምክንያት እንደነፈጉት ተናገሩ። ዘጠኝ ቤት ሆነ። ዘጠኙም በስምንተኛው ቀን ለምልሟል፣ በአሥራ አምስተኛው ጠቁሯል፤ ዘጠኙም አፍረው ነቅለው አቃጥለውታል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ፌቨን ሲፈልግ ኖሯል።

አሁን ዓይን ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ።

“አባ” አሉ አቶ አበጋዝ፣ “እንዲህ ነው?”

ቄስ ሰይፈሥላሴ ተነሡ። መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። “የጸለይኩት ከልቤ ነው” አሉ። “ጠበሉም ጠበል ነው። ቅርንጫፉ ግን እሷ እንዳለችው ነው። ንስሐ ግቡ ብዬ ይህችን ልጅ እዚህ ያቆምኳት እኔ ነኝ። በዚህ መስቀል የባለቤቴን አፍ የዘጋሁትም እኔ ነኝ።” ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም፤ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ልክነሽ ደረቅ ቃል ጠብቃ ነበር፤ ይህን አልጠበቀችም።

“አንድ ነገር ቀርቷል” አለች። “ፌቨን አሁን ያለችውን ፈጥራ ነው ያለችው። ትናንት ቤቴ መጥታ ምን ልበል ብላኛለች። ምስክሯ እኔ ነኝ።”

“አንቺስ ምን አልሻት?” አሉ አቶ አበጋዝ።

“ምንም አላልኳት።”

ወለቴ ከሴቶቹ መካከል ወጣችና ይቅርታ ለመለመን ሣር ነጭታ በሁለት እጇ ይዛ ከምራቷ እግር ሥር ወደቀች። ፌቨን ጎንበስ ብላ አነሣቻት፣ ትከሻዋን ሳመቻት። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ዳናም መጣ፤ ፊቱ ተለውጧል፣ እንደ መዳን ያለ ነገር ይታይበታል።

“በይ ቤታችን እንሂድ” አላት።

ፌቨን አየችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሆኖም ሁሉም ሰማ።

“ሁለት ዓመት ሙሉ እውነቱን ስነግርህ አላመንከኝም” አለች። “ዛሬ አንዴ ብዋሽ ወዲያው አመንከኝ።”

ልጅቷ ነጠላዋን አስተካከለችና በሜዳው ዳር አልፋ ቁልቁል ወደ ገረሴ በሚወስደው መንገድ ሄደች። ማንም እንድትቀር አልለመናትም፤ የሚለምንበት አፍ ያለው ሰው አልነበረም።

ሰዉ ወዲያው ልክነሽን ከበባት። ቅርንጫፎቹን እየተቀባበሉ በጥፍራቸው ይፍቃሉ፣ ያሸታሉ፣ ይጠይቃሉ፤ መቼ ነው የሚቆረጠው፣ ስንት ቀን ነው የሚቀበረው፣ ውሃ ይጠጣል ወይ? “ታኅሣሥ ሳይወጣ፣ አምስት ሳምንት፣ በጥላ” ትላለች ልክነሽ ለጠየቃት ሁሉ። እየመለሰች ወደ መንገዱ ታያለች። ፌቨን መታጠፊያው ላይ ደርሳለች፤ ዞራም አላየች።